የኤንትሬው ሾፌር መላጊያ ሊገዛ ሲሄድ

አብዱልገኒ በዕድሜው ከሠራቸው የሞኝ ሥራዎች የትኛው እንደሚበልጥ ቢጠየቅ ብዙ አያስብም። የአናጺ ዕቃ ሊገዛ የወጣበትን ክረምት ያነሳል። ሲያወራውም ራሱን አይምርም። «ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ መሪ ብቻ ጨብጦ የኖረ ሰው፣ አንድ ቀን ከመኝታው ተነስቶ አናጺ ነኝ ካለ ዘመድ ተሰብስቦ ጠበል ወይም ሼህ ዘንድ ሊወስደው ይገባል» ይላል። «የኔ ዘመዶች ግን መረቁኝ።»

ነገሩ የተጀመረው በዘጠና ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ፣ የአሰብ መንገድ የተዘጋ ጊዜ ነው። አብዱልገኒ የራሱ ኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢው ነበረው። ከአዲስ አበባ አሰብ፣ ከአሰብ አዲስ አበባ ሲመላለስ ኖሮ፣ ጸጉሩ የሸበተውም ወገቡ የደነደነውም እዚያው መንገድ ላይ ነው። ጓደኞቹ ሁለት ሳምንት ያህል ወሬ ሲጠብቁ ቆይተው አንድ በአንድ ፊታቸውን ወደ ጅቡቲ አዞሩ። እሱ ግን «በዚህ ዕድሜዬ አዲስ መንገድ አላጠናም» አለና መኪናውን ለአንድ የናዝሬት ነጋዴ ሸጦ፣ ሩዋንዳ ሰፈር ያለው ቤቱ ገብቶ ቁጭ አለ።

ባለቤቱ ዘሃራ በወር ስድስት ቀን ብቻ የሚመጣ ባል ለምዳ የኖረች ሴት ናት። የመጀመሪያውን ሳምንት እንደ እንግዳ አስተናገደችው። በሁለተኛው ሳምንት ወጥ ቤት መግባት ጀመረ። በርበሬው ለምን ከዘይቱ አጠገብ እንደተቀመጠ ጠየቃት። የቅመም ጣሳዎቹን እንደ ቁመታቸው ደረደራቸው። በሦስተኛው ሳምንት ምስሩ በስንት ደቂቃ እንደሚበስል በእጅ ሰዓቱ ሲለካ ደረሰችበትና ማማሰያዋን ድስቱ ላይ አኖረች።

«አንተ ሰውዬ፣ ወይ ሥራ ፈልግ፣ ወይ እኔ ሥራ ፈልጌ ልውጣልህ» አለችው።

«ፈልጌያለሁ» አለ አብዱልገኒ፤ ምንም አልፈለገም ነበር። «አናጺ እሆናለሁ።»

ቃሉ ከየት እንደወጣ ለራሱም ገረመው። ነገር ግን ከሜዳ የመጣ አልነበረም። አባቱ ደሴ ውስጥ ስማቸው የታወቀ አናጺ ነበሩ። አብዱልገኒም በየመንገዱ፣ መኪና አቁመው ሻይ በሚጠጡበት ቦታ ሁሉ፣ «እኔ እኮ ያደግሁት መላጊያ ይዤ ነው፤ እጄ እስከዛሬ ያውቀዋል» እያለ ሲያወራ ሃያ ሰባት ዓመት ሞላው። እውነቱ ሌላ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው፣ አባቱ አንድ ሙሉ የዋንዛ ጣውላ ካበላሸባቸው በኋላ፣ ትከሻውን ይዘው «ልጄ፣ አንተ አጠገቡ ስትቆም እንጨቱ ራሱ ይፈራል፤ ሂድና መኪና ልመድ» ብለው ነው የሸኙት። ይህን ለዘሃራም ነግሯት አያውቅም። ውሸት ደጋግመው ሲያወሩት ትዝታ ይመስላልና፣ እሱም ሳይቀር አምኖት ነበር።

ግቢው ውስጥ ለኤንትሬው የተሠራ ትልቅ የቆርቆሮ መጠለያ ባዶውን ቆሟል። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ መሐሉ ላይ ዘይት የጠቆረበት። አብዱልገኒ እዚያ መሐል ቆሞ አንዴ ዞር ዞር ሲል፣ በዓይኑ የታየው ራሱ ነው፦ ሽርጥ አገልድሞ፣ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ የሰፈር ሰው በአድናቆት ከብቦት።

የጎደለው ዕቃ ብቻ ነበር። ዕቃ ያለበትን ቦታ የጠቆመው ሰዲቅ ነው። ሰዲቅ ድሮ አብሮት የነዳ፣ አሁን ገርጂ መንገድ ላይ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ወዳጁ ነው።

«የሐዱሽ ሚስት ዕቃውን ልትሸጥ ነው አሉ» አለው። «ሐዱሽን ታውቀዋለህ አይደል? ገርጂ የነበረው አናጺ፣ አምና የሞተው። ግን ሴትየዋ ለሁሉም ሰው አትሸጥም ይላሉ። ሦስት ሰው መልሳለች።»

«እኔን አትመልሰኝም» አለ አብዱልገኒ። «የአናጺ ልጅ ነኝ።»

በማግሥቱ ቅዳሜ የክት ሱሪውን ለብሶ ገርጂ ወረደ። ቤቱ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ፊት ለፊቱ በጣውላ የታጠረ ነው። በሩን የከፈተችለት አርባ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ ቀጠን ያለች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች ሴት ናት። ቅንድቧ ላይ ሰጋቱራ ነበረ። አብዱልገኒ ያን ሰጋቱራ አይቶታል፤ ቤት ስትጠርግ የነካት መስሎት አለፈው እንጂ። ዛሬ ሲያወራው እዚህ ላይ ሲደርስ ግንባሩን በመዳፉ ይመታል።

ስሟ ንግሥቲ ይባላል። ወደ ውስጥ አስገባችው። መጋዞቹ፣ መሮዎቹ፣ መላጊያዎቹ፣ ስኳድራዎቹ ግድግዳው ላይ በየወጉ ተሰቅለዋል። እያንዳንዱ ዕቃ ከኋላው ቅርጹ በእርሳስ ተሥሎለታል፤ አንዱ ቢነሳ ቦታው ራሱ ይጣራል። መሐል ላይ ወፍራም የአናጺ ጠረጴዛ ከነሞርሳው ቆሟል። የዕቃዎቹ እጀታዎች በእጅ ብዛት ለስልሰው ያብረቀርቃሉ። አብዱልገኒ ዘይት የጠገበ የሞተር ብረት ሲያይ የሚሰማው ዓይነት ደስታ ተሰማው።

«ሁሉንም እወስዳለሁ» አለ።

«ለምን ይፈልጉታል?» አለች ንግሥቲ።

«ልሠራበት ነዋ። አባቴ አናጺ ነበር። ደሴ ብትሄጂ፣ ይቅርታ፣ ደሴ ቢሄዱ እስከዛሬ የሠራቸው በሮች ቆመዋል። እኔም ያደግሁት መላጊያ ይዤ ነው።»

ንግሥቲ ከግድግዳው ላይ መካከለኛውን መላጊያ አወረደች። አንድ አጭር ጣውላ ሞርሳው ላይ አሰረች። መላጊያውን አስጨበጠችውና ራቅ ብላ እጇን አጣምራ ቆመች።

«እስቲ ይላጉት።»

አብዱልገኒ እጅጌውን ሰበሰበ። ከዚያ የመኪና ፍሬን እንደሚረግጥ ሰው በሙሉ ክብደቱ ተጫነውና ገፋ። መላጊያው አንድ ስንዝር ሄዶ ቀጥ አለ። ድጋሚ ገፋ። ጣውላው እንደ ታመመ ሰው አቃሰተና ከላዩ ላይ ጣት የሚያህል ስንጣሪ ተነስቶ ቆመ። አብዱልገኒ ላብ አጠመቀው። «እንጨቱ ደረቅ ነው» አለ።

«በተቃራኒው ነው የሚገፉት» አለች ንግሥቲ። «ቃጫው ወደዚያ ነው የተኛው። ድመት ከጅራቷ ወደ ራሷ ቢዳብሷት እንደምትቆጣ ማለት ነው።» ቀረብ ብላ ስንጣሪውን በጣቷ ነካችው። «አባትዎ አናጺ ነበሩ ነው ያሉኝ?»

«አዎ።»

«ነፍሳቸውን ይማር። ይህን ባያዩ ይሻላል።»

ከእሱ በፊት የመጡት ሦስት ሰዎች አንዱ መርካቶ ወስዶ ሊቸረችረው፣ አንዱ ብረቱን ሊያቀልጠው፣ አንዱ ደግሞ ለሆቴል ግድግዳ ጌጥ ሊያደርገው የፈለገ ነበር። «ዕቃው የሚሠራ ሰው እጅ እንዲገባ ነው የምፈልገው» አለችው። «በገዛ እጅዎ አንድ በርጩማ ሠርተው ያምጡ። ቆንጆ መሆን የለበትም። ሰው ሲቀመጥበት የማይነቃነቅ ይሁን እንጂ። ያኔ እሸጥልዎታለሁ።»

አብዱልገኒ «በርጩማ ብቻ?» ብሎ ሳቀ። ከግቢው ሲወጣ ግን የሚስቅ ፊት አልነበረውም።

መጀመሪያ ያሰበው ጣውላ ነው። ሰዲቅ ጎሮ ማዶ በዳሳ የሚባል ገበሬ አንድ ትልቅ የዋንዛ ዛፍ ቆርጦ በእጅ መጋዝ እያሰነጠቀ እንደሆነ ነገረው። ጎሮ ያኔ ገና የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበር፤ ከታክሲ ወርዶ በጭቃው አንድ ሰዓት ያህል በእግሩ ሄደ። በዳሳ ረጅም፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ጣውላዎቹን ከቤቱ ጎን በመካከላቸው ክፍተት እየተወ ደርድሯቸዋል።

«ቆንጆ ነው፤ ግን እርጥብ ነው» አለ በዳሳ። «ጥላ ውስጥ ከርሞ ነው የሚሠራበት። በጥር ቢመለሱ ይሻላል።»

«እኔ እንጨት አውቃለሁ» አለ አብዱልገኒ።

በዳሳ አንዴ አየውና ትከሻውን ነቀነቀ። አምስት ጣውላ የፈረስ ጋሪ ላይ ተጫነለት። አርባ ቶን ጭኖ የበረሃ ቁልቁለት ሲወርድ የኖረው ሰውዬ፣ ጭቃ ውስጥ የተያዘ ጋሪ ከኋላ እየገፋ ገርጂ አስፋልት ላይ ብቅ ሲል፣ አንድ ኤንትሬ ከጎኑ ፍጥነቱን ቀነሰ። ሾፌሩ የድሮ ባልደረባው ነው። አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ ጋሪውን፣ ፈረሱን፣ ከዚያ አብዱልገኒን ከእግር እስከ ራሱ አየ።

«ተሳቢውን የት ጣልከው?» አለውና ክላክሱን ነፍቶበት ሄደ።

አብዱልገኒ ከመንገድ ዳር አሮጌ መጋዝ፣ መዶሻና ሁለት መሮ ገዝቶ ሥራ ጀመረ። ሁለት ሳምንት ፈጀበት። ጣቶቹ ላይ የተለጠፈው ፋሻ ከጣቶቹ ይበዛ ነበር። መጋዙ በመስመሩ ላይ ከመሄድ ይልቅ ልክ እንደ ሰካራም ወደ ቀኝ ያጋድላል፤ አብዱልገኒም መስመሩን ደምስሶ መጋዙ በሄደበት አዲስ ያሠምራል። በመጨረሻ አንድ አራት እግር ያለው ነገር ቆመ። ዘሃራ ዞር ዞር ብላ አየችውና «አላህ ይጨምርልህ» አለች፤ ምኑን እንደሚጨምርለት ግን አልነገረችውም።

በርጩማውን እንዲደርቅ ብሎ ከከሰል ምድጃው አጠገብ አስቀመጠው። በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ ሰዲቅ መጣ። ምንም ሳይጠራጠር ተቀመጠበት። ሩዙን ሊጎርስ ሲል ከሥሩ እንደ ጥይት የሚጮህ ድምፅ ተሰማ፤ መቀመጫው ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ፤ አንዱ እግር ወደ በሩ፣ ሌላው ወደ ዘሃራ ሄደ፣ ሰዲቅም ሳህኑን አቅፎ ወለሉ ላይ ተገኘ።

«ጎማ ፈነዳ» አለ ሰዲቅ ከወለሉ ላይ ሆኖ።

ሰው ከዚህ በኋላ የሚያደርገው ነገር ግልጽ ነው፤ ገርጂ ሄዶ «አልቻልኩም» ማለት። አብዱልገኒ ግን ሽማግሌ ሆኖ አንዲት ሴት ፊት መዋረዱን አልቻለውም። ማንም በማያውቀኝ በኩል ብሎ ሃያ ሁለት የሚባለው ሰፈር ድረስ ሄደ። እዚያ አንድ የቤት ዕቃ መደብር ውስጥ ጸጥ ያለ፣ ንጹሕ፣ ከዋንዛ የተሠራ በርጩማ አገኘ። ተቀመጠበት፤ አልነቃነቅም አለ። ገዛው። ቤቱ ወስዶ ቫርኒሹን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ፤ የጀማሪ ሥራ እንዲመስል አንድ ሁለት ቦታ በመሮ ጫር ጫር አደረገው። በፋሻ የታሸጉት ጣቶቹ ደግሞ እውነተኛ ምስክሮች ነበሩ።

«ቢያንስ ጣቶቼ አልዋሹም» ይላል አሁን።

ንግሥቲ በርጩማውን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። አውራ ጣቷን በእግሮቹ መግቢያ ላይ አስኬደች። ከዚያ ቫርኒሹ የተፋቀበትን፣ ከዚያ በመሮ የተጫረውን አየች። ፊቷ ላይ የታየው ነገር ሐዘን ይመስል ነበር።

«ስንት ቀን ፈጀብዎ?»

«ሁለት ሳምንት» አለ። ይህ እንኳ እውነት ነበር፤ ለሌላኛው በርጩማ።

«እግሮቹን በምን ያያዟቸው?»

«በ… በምስማር። ትንሽ ኮላም ጨምሬበታለሁ።»

«ምስማር የለበትም።»

«ማለቴ፣ ያለ ምስማር።»

«እዚህ ጋ ያለችውን ጉጥ እንዴት አለፏት?»

አብዱልገኒ ጎንበስ ብሎ አየ። እውነትም በመቀመጫው ሥር እንደ ሳንቲም የከበበች ጥቁር ጉጥ አለች። «ቀስ ብዬ» አለ።

«ቀስ ብለው።»

«ቀስ ብዬ።»

«እኔን ሁለት ቀን ነው ያታገለችኝ» አለች ንግሥቲ።

ለአብዱልገኒ መጀመሪያ የገባው እሱ መያዙ ነው፤ ጆሮው ጋለ፣ ምድር ተከፍታ ብትውጠው ተመኘ። ቀጥሎ ግን ሌላው ነገር ገባው። ቀና ብሎ ሴትየዋን አያት፤ ግድግዳውን አየ፤ ዛሬም ቅንድቧ ላይ ያለውን ሰጋቱራ አየ።

«እርስዎን?» አለ።

ንግሥቲ ከንፈሯን ነከሰች። ከእሷም ያላሰበችው ነገር አምልጧት ነበር። 

ቀድሞ የተሸነፈው አብዱልገኒ ነው። ሁሉንም ዘረገፈው፤ ጋሪውን፣ እርጥቡን ዋንዛ፣ የሰዲቅን አወዳደቅ፣ ሃያ ሁለትን። ለዘሃራ እንኳ ያልነገራትን የአባቱን ቃል ሳይቀር ነገራት። «እንጨቱ ራሱ ይፈራል» ያሉትን ሲደግምላት፣ ንግሥቲ እጇን አፏ ላይ ጭና ለመያዝ ሞከረች፤ አልተቻላትም። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አብዱልገኒም፣ በራሱ ላይ እንዲህ ሲሳቅ የመጀመሪያው ነበርና፣ ደንግጦ ቆየና አብሯት ሳቀ።

ከዚያ እሷም ነገረችው። ሐዱሽ ከመሞቱ ከአራት ዓመት በፊት ቀኝ ክንዱ አልታዘዝ አለው። እሱ እየነገራት፣ እሷ በር ዘግታ እየሠራች ኖሩ። ደንበኛ ሲመጣ ሐዱሽ ከፊት ይቀመጣል፤ እሷ ሻይ ይዛ ትገባለች፤ ምስጋናው ለእሱ ይሆናል። እሱ ሲሞት ደንበኛው ሁሉ «ባለሙያው ከሞተ ምን ይደረጋል» ብሎ ቀረ። የቀረው የሃያ ሁለቱ ነጋዴ ብቻ ነው፤ እሱም በተሸካሚ የምትልክለትን ዕቃ ሐዱሽ በሕይወት ሳለ ሠርቶ ያከማቸው ነው ብላዋለች።

«ግን የሞተ ሰው ስንት በርጩማ ያከማቻል?» አለች። «ነጋዴው መጠየቅ ጀምሯል። ቤቱን ያከራየኝም ሰው ለመስከረም ልቀቂ ብሎኛል፤ ቪዲዮ ቤት ሊያደርገው ነው። ስለዚህ እሸጣለሁ።»

አብዱልገኒ በርጩማውን እዚያው ትቶላት ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ግን «ጫር ጫር ስላደረግኩት ይቅርታ» አለ።

ቤቱ ሲደርስ ነገሩን ለዘሃራ ሳይቆርጥ ሳይቀጥል አጫወታት። እንድትስቅ ጠብቆ ነበር። ዘሃራ ግን ጎመን እየቀነጠሰች ሰማችና «ታዲያ ሴትየዋ ያጣችው ገዢ ነው ወይስ ቦታ?» አለችው።

«ቦታ ነው እንጂ።»

ዘሃራ በቢላዋ ጫፍ በመስኮቱ በኩል ባዶውን የቆርቆሮ መጠለያ አመለከተች። አብዱልገኒ መጠለያውን አየ፤ ቢላዋውን አየ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ እዚያ ውስጥ ቆሞ ራሱን በሽርጥ ሲያይ፣ አንዴም ይህ ሐሳብ አልመጣለትም ነበር።

በማግሥቱ ሁለቱም ገርጂ ወረዱ። ንግሥቲ መጀመሪያ እምቢ አለች። «ባሏ የሞተባት ሴት ሰው ግቢ ገብታ ብትሠራ ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ለሚለው እኔ መልስ አለኝ» አለች ዘሃራ። «ኪራዩን ሥራው በእግሩ ሲቆም እንነጋገርበታለን። እስከዚያው ግን ይህን ሰውዬ ከወጥ ቤቴ ካወጣሽልኝ፣ መጠለያውን ብቻ ሳይሆን ሳሎኑንም ውሰጂው።»

ንግሥቲ አብዱልገኒን አየችው። «ማስተማር አለብኝ ማለት ነው?»

«ከቻልሽ» አለች ዘሃራ። «ካልቻልሽ እንዲጠርግ አድርጊው።»

ዕቃው የተነሳው በነሐሴ አንድ ዝናብ ባረፈበት ጠዋት ነው። አብዱልገኒ ከአንድ ወዳጁ መኪና ተውሶ ራሱ ይዞ መጣ። ያን ቀን እሱም የሚያውቀው ሥራ አገኘ። ከባዱን ጠረጴዛ በሦስት ሰው አስነስቶ ጫነው፣ ከሥሩ ጆንያ አነጠፈለት፣ በአራት ማዕዘን ወጥሮ አሰረው። መሮዎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠቀለላቸው። ንግሥቲ ገመዱን ሳብ ሳብ አድርጋ ሞከረችው፤ አልላላም። «ይህንን ያውቁበታል» አለች። ከገርጂ እስከ ሩዋንዳ የነዳው በእግር የሚሄድ ሰው በሚቀድመው ፍጥነት ነው። ሲወርድ አንዲት ጭረት አልተገኘችም። አብዱልገኒ ያን ቀን ሁለት ጊዜ ምሳ በላ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ወራት የሚያስጎመጁ አልነበሩም። ንግሥቲ እንደ መምህር ጨካኝ ናት። እስከ ጥቅምት ድረስ ብርጭቆ ወረቀት እንጂ ሌላ ነገር አላስጨበጠችውም። መላጊያ ያስነካችው ቀን አሥር ጊዜ አስፈታችው፣ አሥር ጊዜ አስገጠመችው፤ አሥራ አንደኛው ላይ ስለቱን ገልብጦ ከተተው። «ጋሽ አብዱልገኒ፣ ሞተርም እንዲህ ነው የሚገጥሙት?» ስትለው፣ ለማየት በተሰበሰቡት የሰፈር ልጆች ፊት አንገቱን ደፋ። ጣውላ መግዛት ላይ ግን ቀስ በቀስ ዓይኑ ተገለጠ። በጥር ሁለቱም ጎሮ ሲሄዱ፣ በዳሳ ከሩቅ አይቶት «እኚህ ሰውዬ እንጨት የሚያውቁት ናቸው» አለና ለንግሥቲ ደረቁን አወጣላት። አብዱልገኒ በዚህ አልተቀየመም። ጣውላውን አንስቶ በአንድ ዓይኑ በጫፉ በኩል አየና «ይቺ ትንሽ ተጣማለች» አለ። ንግሥቲም አይታ «ልክ ነው» አለች። መንገዱን ሁሉ «ልክ ነው» ያለችውን ሲያስታውስ ቤቱ ደረሰ።

የካቲት ላይ አንድ ሰው ወደ ግቢው መጣ። ዓለምሰገድ ይባላል፤ እዚያው ሩዋንዳ ሰፈር የእንግዳ ማረፊያ ሊከፍት የሚያሳድስ፣ ከረባት ያሰረ ሰው ነው። ንግሥቲ ሠርታ ዘሃራ ለጎረቤት ያሳየችውን የቁም ሣጥን አይቶ ነው የመጣው። መጠለያው ውስጥ ሲገባ ንግሥቲ ጥግ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ትልጋለች። አብዱልገኒ በር ላይ ቆሟል፤ ሽርጥ አገልድሟል፤ እርሳሱም ጆሮው ላይ ነበር።

ሰውዬው ቀጥ ብሎ መጥቶ በሁለት እጁ ጨበጠው። «ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ! እንዲህ ያለ ሥራ አሁን አይገኝም። አሥራ ሁለት አልጋ እፈልጋለሁ። እርስዎ ብቻ እሺ ይበሉኝ።»

አብዱልገኒ ሲያወራው አይዋሽም፤ ምስጋናው ጣመው። ሃያ ሰባት ዓመት የዋሸው ውሸት በራሱ እግር መጥቶ እጁን ጨብጦታል። ንግሥቲ መላጊያዋን አላቆመችም፤ ጀርባዋ ብቻ ትንሽ ቀጥ አለ። አብዱልገኒ ያን ምስጋና አፉ ውስጥ እንደ ከረሜላ አንዴ አገላበጠውና ተፋው።

«እኔ ጠራጊ ነኝ» አለ። «ባለሙያዋ እሷ ናት። የቁም ሣጥኑን የሠራችው እሷ ናት። ዕቃውም የእሷ ነው።»

ዓለምሰገድ ዞር ብሎ አየ። ቅር ያለው ይመስላል፤ እንደሚቀለድበት የጠረጠረም ይመስላል። ንግሥቲ የላገችውን ጣውላ ከሞርሳው ፈታ አቀበለችው። ሰውዬው መዳፉን ከላይ እስከ ታች አስኬደበት፤ ድጋሚ አስኬደበት፤ በብርሃኑ በኩል አዘንብሎ አየው። ከዚያ ከረባቱን ፈታ አደረገ።

«አሥራ ሁለቱ ለፋሲካ ይደርሳሉ?» አላት።

«ስምንቱ ይደርሳሉ» አለች ንግሥቲ። «አራቱ ከበዓል በኋላ። ካልቸኮሉ ጥሩ አድርጌ እሠራለሁ። ከቸኮሉ ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

ሰውዬው ሲወጣ ንግሥቲ ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ መሮዎቹን ያለ ወትሮዋ ለረጅም ጊዜ ስታስተካክል ቆየች። ከዚያ የመለኪያ ሜትሩን ለአብዱልገኒ ወረወረችለት።

«አብረዋቸው ይሂዱና የክፍሎቹን በር ይለኩልኝ። ሠርተን የማይገባ አልጋ እንዳናተርፍ።»

አብዱልገኒ እንደ ወታደር ሄደ። አሥራ ሁለት በር ለካ፤ እያንዳንዱን ሁለቴ ለካ፤ ቁጥሩን በጥንቃቄ ጽፎ አጥፎ ኪሱ ከተተ። በኩራት ተመልሶ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላት። ንግሥቲ አየችው። አሥራ ሁለት ቁጥሮች፣ በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት።

«ሁለት ሜትር ከአምስት» አለች። «ይህ የበሩ ቁመት ነው ወይስ ስፋት?»

አብዱልገኒ ወረቀቱን አየው። ንግሥቲን አያት። ሜትሩን ከጠረጴዛው ላይ አነሳና ስፋቱን ሊለካ መልሶ ወደ በሩ አመራ።